የሙሽራዋ ክኒን

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ፣ ሞርስ ሮድ አካባቢ ቤቢ ሻወር ተጠርቼ ሄድኩ። ምሳ ተበልቶ፣ አቦሉ ተጠጥቶ፣ ቶናው ሲቀዳ የሰባት ወር ነፍሰ ጡሯ ልጅ አጠገቤ ተቀምጣ በረዶ ትቆረጥማለች። ብርጭቆው ሲያልቅባት ሌላ አስመጣች፤ ውኃ ሳይሆን በረዶ ብቻ። መዳፏን አየሁት፤ ወረቀት መስሏል። ጠጋ ብዬ «አይረንሽን ትወስጃለሽ?» አልኳት። እሷ ሳትመልስልኝ ከፊት ለፊታችን የተቀመጡ አንዲት እናት ቀደሟት። «ተያት እስቲ! ጤፍ እየበላች የምን የብረት ክኒን ነው? ጽንሱን ያገዝፍባትና በኦፕራሲዮን ያስወልዳታል። እኔ ስድስት ስወልድ አንዲት ክኒን አልቀመስኩም።» ቤቱ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ልጅቷም ፈገግ ብላ ወደ በረዶዋ ተመለሰች።

በዕድሜ ይበልጡኛል፤ ያለነውም ሰው ቤት ነው። ዝም አልኩ። ያ ዝምታ ሳምንቱን ሙሉ ሲያንገበግበኝ ሰነበተ።

ከበረዶው ልጀምር። አገር ቤት ያረገዘች ሴት ዝናብ የነካው አፈር ይሸታትና ያምራታል፤ ከግድግዳ ላይ ጭቃ ቆርሳ የምትበላም አለች። «አምሮት ነው» ተብሎ ይታለፋል። ሐኪሞች ግን ምግብ ያልሆነ ነገር ማማርን ከብረት እጥረት ጋር አያይዘው ያውቁታል። በረዶ መቆርጠም ደግሞ አንዱ የታወቀ ምልክቱ ነው። ኮሎምበስ ውስጥ የጭቃ ግድግዳ የለም፤ በረዶ ግን ከየማቀዝቀዣው ይፈስሳል። አምሮታችን አብሮን ተሰዶ መልኩን ቀየረ ማለት ነው። ነፍሰ ጡር ሴት የደሟ መጠን ግማሽ ያህል ይጨምራል። ልጇም ተወልዶ ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ገደማ የሚሆነውን የብረት ስንቅ ከእሷ ተቀብሎ ነው የሚወጣው። ይህን ሁሉ በምሳ እንጀራ ትሙላው?

ከጤፍ ጉራ ጋር ያለኝን የቆየ ጸብ የዚህ ዓምድ ደንበኞች ታውቁታላችሁ። ጤፍን እወደዋለሁ። «ጤፍ ብረት ነው» የሚለውን ኩራት ግን የአገራችን ሊቃውንት ራሳቸው ከመረመሩት ከ40 ዓመት በላይ ሆኗል። አብርሃም በስራትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1980 በኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል ባሳተሙት ጥናት፣ ከጤፍ ላይ የሚለካው የበዛ ብረት አብዛኛው ከእህሉ ሳይሆን ከአውድማው አፈር የመጣ መሆኑን አሳይተዋል። በሬ እያበራየው፣ ከመሬት ላይ እየተሰበሰበ፣ እንደዚያች ደቃቅ ፍሬ አፈር የሚይዝ እህል የለም። በሚገባ ሲታጠብ ጤፍ ከሌሎቹ እህሎች ብዙም አይርቅም። እኛ እዚህ የምንጋግረው ደግሞ ብዙው አይዳሆ በመሳሪያ የሚታጨድ ነው፤ አውድማ የሚባል ነገር አላየም። ስለዚህ ያች ልጅ ከእንጀራዋ ታገኘዋለች የተባለው ብረት አገር ቤት መሬት ላይ ቀርቷል።

ያለችዋን ጥቂትም ቡናችን ይሻማታል። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣ አንድ ጥናት አንድ ስኒ ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ ከምግቡ ወደ ደም የሚገባውን ብረት በ39 በመቶ እንደሚቀንስ ለክቷል። ሻይማ በ64 በመቶ። ከምግቡ 1 ሰዓት ቀድሞ የተጠጣ ቡና ምንም አላደረገም፤ 1 ሰዓት ዘግይቶ የተጠጣው ግን ከምግቡ ጋር የተጠጣውን ያህል ጎድቷል። እስቲ የኛን ልማድ አስቡት፤ ምሳ ይበላል፣ ቄጠማው ይጎዘጎዛል፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሰዓቱን አስልተን ብረቱን ለማባረር የተነሳን ይመስላል። ቡና ተዉ የምል ሰው አይደለሁም። ነፍሰ ጡር አንድ ስኒ ከምግብ አስቀድማ ትጠጣና፣ ክኒኗን ለብቻው በብርቱካን ጭማቂ ትዋጠው። ከወተትም፣ ከካልሲየም ክኒንም ይራቅ።

ክኒኑ ደስ አይልም፤ አውቃለሁ። የመጀመሪያ ልጄን ያረገዝኩ ጊዜ፣ እዚሁ ኮሎምበስ ውስጥ፣ አንድ ክሊኒክ ያለ አስተርጓሚ አየኝና አንድ ብልቃጥ አስይዞ ሸኘኝ። በሦስተኛው ቀን ሰገራዬ እንደ ከሰል ጠቆረ። ደም መስሎኝ፣ ልጄ የሞተ መስሎኝ ሌሊቱን ሳለቅስ አደርኩ፤ ሲነጋ ብልቃጡን ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። ከብረት የተነሳ ሰገራ እንደሚጠቁር፣ ሆድ እንደሚያደርቅ፣ ይህም የተለመደ እንደሆነ በአማርኛ የሚነግረኝ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ አልጥለውም ነበር። ዛሬም ስንቷ እየጣለችው ነው? አሁን ደግሞ እንደ ከረሜላ የሚታኘኩ የእርግዝና ቪታሚኖች መጥተዋል፤ ይጣፍጣሉ፣ ሆድ አያስቸግሩም። አብዛኞቹ ግን ብረት የሚባል የለባቸውም። ጀርባውን አንብቡት። የብረቱን ክኒን ደግሞ ሕፃን ከሚደርስበት አርቁት፤ ለትንሽ ልጅ መርዝ ነው። ካልተመረመራችሁም ከፍ ያለ መጠን በራሳችሁ አትጀምሩ፤ የደም ማነስ ሁሉ ከብረት እጥረት አይመጣም። ዊክ ወደሚባለው የመንግሥት የእናቶችና ሕፃናት ምግብ ድጋፍ የሚሄዱ እናቶች ጣታቸውን ተወግተው ደማቸውን እዚያው ይለካሉ፤ ቁጥሩን ጠይቁ። በእርግዝና ሄሞግሎቢኑ ከ11 በታች ከሆነ (በመካከለኛዎቹ ሦስት ወራት ከ10.5) የደም ማነስ ነው።

ይህን ሁሉ ብዬ፣ ይበልጥ የሚያስቆጨኝ ብረቱ አይደለም። ብረት ዘግይቶም ይካሳል። የማይካሰው ሌላው ነው፤ ፎሊክ አሲድ።

ስሙ «ቅጠል» ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1941 ከቆስጣ መሰል ቅጠል ነው አውጥተው ስም የሰጡት። ሥራው ደግሞ ከቅጠል ጋር ይመሳሰልብኛል። ጽንሱ ገና የሰሊጥ ፍሬ ሳያክል ጀርባው ላይ እንደ ቅጠል የተዘረጋ ነገር አለ። ያ ቅጠል ተጠቅልሎ ቱቦ ይሆናል፤ ከላይ አንጎል፣ ከታች ህብለ ሰረሰር። መጠቅለሉ ከጽንሰቱ በ28 ቀን ውስጥ ያልቃል። ሳይዘጋ የቀረው ከላይ ከሆነ ልጁ አይኖርም፤ ከታች ከሆነ ጀርባው ክፍት ሆኖ ይወለዳል፣ እግሩ አይታዘዘውም፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ውኃ ይጠራቀማል። 28 ቀን! በዚያን ጊዜ ሴቲቱ የወር አበባዬ ቀረ አልቀረ እያለች ቀን ትቆጥራለች። ሐኪም ዘንድ ቀርባ ቪታሚኑ ሲታዘዝላት ቱቦው ከተዘጋ ወይም ሳይዘጋ ከቀረ ሳምንታት አልፈዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

እኛ ደግሞ ከማንም እንዘገያለን። እርግዝና ይደበቃል፤ ዓይን እንዳይበላው፣ ሟርት እንዳይነካው፣ ሆድ ገፍቶ ራሱ እስኪናገር ድረስ ለእህትም አይወራም። ልማዱን አልሰድበውም፤ ያሳደገኝ ነው። ነገር ግን የሚዋጠው ክኒን ከወሬው መቅደም አለበት። የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1992 የመከረው ይህንኑ ነው፤ ማርገዝ የምትችል ሴት ሁሉ፣ አሰበችም አላሰበችም፣ በየቀኑ 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ትውሰድ። ከእርግዝናዎች ግማሽ ያህሉ ሳይታሰቡ የሚመጡ ናቸውና። ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች ግን አሥር እጥፉን፣ 4 ሚሊግራም፣ በሐኪም ትእዛዝ ነው የምትጀምረው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድም ሐኪሟን ታማክር።

ምክሩ ብቻውን አልሠራም። ስለዚህ አሜሪካ ከእ.ኤ.አ. 1998 መጀመሪያ ጀምሮ ንጥረ ነገር በሚጨመርበት የእህል ዱቄት ሁሉ ላይ ፎሊክ አሲድ እንዲገባ አስገደደች፤ በ100 ግራም 140 ማይክሮግራም። ዳቦ የበላ ሁሉ ሳያውቀው ይወስደዋል። በዓመት 1,300 ገደማ ልጆች ከዚህ ጉዳት እንደሚድኑ የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ይገምታል።

እኛስ? ጤፍ ላይ ማንም አይጨምርም። እዚህ ላይ ለራሴም የከበደኝን ነገር ልናገር። ስንመጣ ክሊቭላንድ አቨኑ ላይ የምንገዛው እንጀራ ጤፉ ጥቂት፣ ሴልፍ ራይዚንግ ዱቄቱ ብዙ ነበር። በዚህ ዓምድ ስንት ጊዜ ነቀፍኩት፤ «ይህ እንጀራ አይደለም» ብዬ ጻፍኩ። ያ ነጭ ዱቄት ግን ፎሊክ አሲድ ያለበት ነበር። አሁን አቅማችን አደገ፤ ንጹሕ ጤፍ እንበላለን፤ ልጆቻችንም ግሉተን የለበትም ብለው ይኮሩበታል። ሳናውቀው ከዚያ ጥበቃ ወጣን። ወደ ድሮው እንጀራ እንመለስ አልልም፤ የጎደለውን በክኒን እንሙላው ነው የምለው። ከሜክሲኮ የመጡት ጎረቤቶቻችን ያጋጠማቸው ይኸው ነበር፤ ቂጣቸው ከበቆሎ እንጂ ከስንዴ ስላልሆነ ሕጉ ዘለላቸው። ድርጅቶቻቸው ዓመታት ወተወቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በበቆሎ ዱቄታቸው ላይ እንዲጨመር ተፈቀደ፤ ካሊፎርኒያም በ2024 በሕግ ግዴታ አደረገችው። የጤፍ በላተኛን ጉዳይ የያዘለት ማን ነው? እንደ ኢትዮጵያ ተዋሕዶ ማኅበራዊ አገልግሎት ያሉ ከእ.ኤ.አ. 2000 ጀምሮ እዚህ ከተማ የቆሙ የራሳችን ቤቶች አሉን። ከተማውም ሕፃናት የመጀመሪያ ልደታቸውን ሳያከብሩ እንዳይሞቱ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2014 ሰለብሬት ዋንን አቋቁሟል። አንድ ቀን አብረው ተቀምጠው ስለ እንጀራ ቢነጋገሩ ምን አለበት?

«የፈረንጅ መድኃኒት» ለሚሉኝ አንድ ነገር ብቻ። የፎሊክ አሲድ ታሪክ የሚጀምረው ሕንድ፣ ቦምቤ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ሉሲ ዊልስ የምትባል ሐኪም ደም ያነሳቸውን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነፍሰ ጡሮች በእርሾ ውጤት ስታድን። እንደ እኛ ያሉ ድሆች ሴቶች ናቸው ያስተማሯት።

አገር ቤት ያለውን ስናይ ደግሞ ልብ ይሰብራል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 24 በመቶው ደም አንሷቸው ተገኝተዋል። በእርግዝና ጊዜ ብረት 90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት 5 በመቶ ብቻ ነበሩ። በትግራይ ሆስፒታሎች በተሠራ ጥናት ከ10,000 ውልደት 131 ያህሉ ይህ የቱቦ አለመዘጋት (የነርቭ ዘንግ ክፍተት) ነበረባቸው፤ እዚህ 7 ገደማ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2022 በስንዴ ዱቄት ላይ ፎሊክ አሲድና ብረት እንዲጨመር ግዴታ ማድረጉ ደስ ብሎኛል። ግን በወፍጮ ቤት ጤፍ አስፈጭታ የምትበላዋን ገበሬ ያ ዱቄት መቼ ይደርሳታል?

ይህን ለመጻፍ ስዘጋጅ ረቡዕ ማታ ደብረ ታቦር ለእናቴ ደወልኩላት። ከእኔ በፊት የወለደችውን ልጅ ጠየቅኳት። በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ስለ እሱ የነገረችኝ፤ ያኔ ብልቃጡን የጣልኩ ሰሞን። ወንድ ነበር። ጀርባው ክፍት ነበር። ሦስት ቀን ኖሮ ሞተ። አማቷ «የእናቱ ኃጢአት ነው» አሉ፤ መንደሩም ያንኑ ደገመ፤ እሷም 50 ዓመት ሙሉ ያንኑ ይዛ ኖረች።

ስለ ቱቦው፣ ስለ 28 ቀኑ፣ ስለ ቅጠሉ ነገርኳት። ከብዙ ዝምታ በኋላ «ያኔ ይህ ክኒን አልነበረም?» አለችኝ።

«ክኒኑ ነበር እማዬ። ለዚህ እንደሚሆን ግን የሚያውቅ አልነበረም። በእርግጠኝነት የታወቀው በፈረንጆቹ 1991 ነው።»

«ሐኪሞቹም አያውቁም?»

«ሐኪሞቹም።»

«እኔ ያደረግሁት ነገር የለም ማለት ነው?»

«ምንም።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ስታለቅስ ነበር። ለልጄ ለምን እንዳልነገርኳት ጠየቀችኝ፤ 24 ዓመቷ ነው። እውነቷን ነው። ያንኑ ማታ ለልጄ ነገርኳት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ትወስዳለች፤ ጓደኛ ይኑራት አይኑራት አልጠየቅኳትም።

በሚቀጥለው ወር የጎረቤቴ ልጅ ትሞሸራለች። የሠርግ ፖስታው ውስጥ ከገንዘቡ ጋር የአንድ ዓመት ፎሊክ አሲድ የያዘ ትንሽ ብልቃጥ እጨምራለሁ፤ ቤቢ ሻወር አልጠብቅም። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ስፈራ እንደነበር ለእናቴ ነገርኳት።

«ከእኔም ነው በያት» አለችኝ።