ቁጥርን ወደ ስም የመለወጥ ሥልጣን

በ2005 (ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የአገራችንን አዋጆች ብቻ በራሳችን) የአሜሪካ የሙዚቃ ኩባንያዎች በዌስት ቨርጂኒያ ይኖሩ የነበሩ አንዲት የ83 ዓመት አዛውንት ዘፈኖችን በኢንተርኔት ያለፈቃድ አጋርተዋል ሲሉ ከሰሱ። አዛውንቷ ግን ክሱ ከመመሥረቱ በፊት አርፈው ነበር። ልጃቸው እንደተናገሩት፣ እናታቸው በሕይወት ሳሉም ኮምፒዩተር ቤታቸው እንዲገባ አይፈልጉም ነበር። ክሱ ተነሣ፤ ነገሩም እንደ ቀልድ ተወራ። እኔን ግን እስከ ዛሬ አላሳቀኝም። የሞተን ሰው ለፍርድ የሚጠራ አሠራር በሕይወት ያለውን ንጹሕ ሰው ይምራል ብዬ አላምንምና።

አሠራሩን ላስረዳ። ሰዎች ፋይል በሚለዋወጡበት መረብ ውስጥ የኩባንያዎቹ መርማሪ እንደ ማንኛውም ተጠቃሚ ይገባል፤ ዘፈኑ ከየት እንደሚመጣ ይመለከታል፤ የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥሩንና ሰዓቱን ይመዘግባል። እስከዚህ ድረስ በእጁ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። የቁጥሩን ባለቤት የሚያውቀው አገልግሎቱን የሚሸጠው የቴሌኮም ድርጅት ነው፤ እርሱም ቢሆን የሚያውቀው ውሉን የፈረመውንና ሒሳቡን የሚከፍለውን እንጂ በዚያች ሰዓት ኮምፒዩተሩ ፊት የተቀመጠውን አይደለም። ልጅ ይሁን እንግዳ፣ ተከራይ ይሁን የጎረቤት ጎረምሳ፣ ቁጥሩ አይናገርም። የፖለቲካው ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው፦ ቁጥሩ ወደ ስም እንዲለወጥ የሚያዝዘው ማን ነው?

በ1998 የወጣው የአሜሪካ የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ ለዚህ የሰጠው መልስ እጅግ ቀላል ነበር። ባለመብቱ ማመልከቻውን ለፌደራል ፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ያቀርባል፤ ሬጅስትራሩም ማመልከቻው መሟላቱን አይቶ ትእዛዙን ይፈርማል። ዳኛ ማስረጃውን አይመረምርም። ቬራይዘን የተባለው የቴሌኮም ኩባንያ የደንበኞቼን ስም በዚህ መንገድ አልሰጥም ብሎ ተከራከረ፤ የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም በ2003 መጨረሻ ላይ ይህ ሥርዓት መረጃ በማስተላለፍ ብቻ በሚሠራ ድርጅት ላይ ተፈጻሚ እንደማይሆን ወሰነ። ቬራይዘን ለደንበኞቹ ነጻነት ሲል ብቻ ተሟገተ የምል የዋህ አይደለሁም። ያም ሆኖ ከዚያ ወዲህ ኩባንያዎቹ ስሙ ባልታወቀ ተከሳሽ ላይ ክስ መሥርተው፣ ስሙን ለማወቅ ዳኛ ማስፈቀድ ግድ ሆነባቸው።

ዳኛ መኖሩ ብቻውን ፍርዱን ሚዛናዊ አያደርገውም፤ ይህንንም ልደብቅ አልፈልግም። በ24 ዘፈኖች የተከሰሰች አንዲት የሚኒሶታ እናት በ2007 222,000 ዶላር እንድትከፍል ተፈረደባት። ጉዳዩ እንደገና ሲታይ በ2009 ዳኞቹ ቅጣቱን ወደ 1,920,000 ዶላር አደረሱት፤ ይህም ለአንድ ዘፈን 80,000 ዶላር ማለት ነው። በ2012 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ወደ መጀመሪያው 222,000 መለሰው። አንድ ዘፈን በኢንተርኔት ገበያ ከአንድ ዶላር በታች ይሸጥ በነበረበት ዘመን! በሺሕ የሚቆጠሩ ሌሎች ተከሳሾች ሳይከራከሩ ጥቂት ሺሕ ዶላር ከፍለው ለመገላገል ቢጣደፉ ማን ይፈርድባቸዋል?

ፈረንሳይ በ2009 ሌላ መንገድ ሞከረች። ሃዶፒ የተባለ ባለሥልጣን አቋቁማ፣ ሁለት ጊዜ ተጠንቅቆ ያልተመለሰውን ተጠቃሚ ኢንተርኔቱን እንዲቆርጥበት ልትፈቅድ ነበር። የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ምክር ቤት ግን ኢንተርኔት ሐሳብን የመግለጽ ነጻነት መሣሪያ ነውና ይህን መብት የአስተዳደር መሥሪያ ቤት ሊነፍግ አይችልም ሲል ሻረው፤ ሥልጣኑም ለዳኛ ተሰጠ። በዚህ ሕግ መሠረት በ2012 መጀመሪያ የተቀጣው ሰው ማን ነበር? ዘፈኖቹን ያወረደችው ሚስቱ መሆኗ ተነግሮ ሳለ፣ የኢንተርኔት መስመርህን አልጠበቅህም ተብሎ 150 ዩሮ የተቀጣ ባል ነው።

የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2020 የአድራሻ ቁጥሮች በጅምላ ተመዝግበው እንዲቆዩ የፈቀደው ለብሔራዊ ደኅንነትና ለከባድ ወንጀል ነበር። በሚያዝያ 2024 ግን በዚያው በፈረንሳዩ ሥርዓት ጉዳይ፣ መረጃዎቹ ተለያይተው ይቀመጡ የሚለውን ጨምሮ ጥብቅ ሁኔታዎችን አስቀምጦ፣ ለቅጂ መብት ጥሰትም ፈቀደ። ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል። ለከባድ ወንጀል ተብሎ የተሠራ መዝገብ በአራት ዓመት ውስጥ ለዘፈን በቃ።

እንዲህ ስል የድምፃዊውንና የዜማ ደራሲውን ድካም አቃልዬ አይደለም። ወራት የፈጀ አልበም በወጣ ማግሥት በየመንገዱ ሲቀዳና ሲሸጥ ያየ የአገሬ ሰው ዝርፊያው እውነት መሆኑን ያውቃል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መውጣቱ ተገቢ ነበር። ሌላውን ዘርፎ የሚነግደውን መክሰስና የእያንዳንዱን ቤት መስመር መዝግቦ መጠበቅ ግን ለየቅል ናቸው፤ እኔ የምቃወመው ሁለተኛውን ነው።

ጉዳዩ የባሕር ማዶ ብቻ የሚመስለው ካለ፣ የእኛን የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያንብብ። አገልግሎት ሰጪው የትራፊክ መረጃን ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቆይ ያስገድዳል። አዋጁ ስለ ዘፈን ብሎ አልወጣም፤ መዝገቡ ግን ዘፈን ያወረደውንና በብዕር ስም መንግሥትን የተቸውን አይለይም። በ2014 ስለጻፉ የታሰሩትን የዞን ዘጠኝ ጦማርያን የሚያስታውስ ሰው፣ ከስም ያልተያያዘ ቁጥር ለጸሐፊ ምን ያህል ከለላ እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገውም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱን በደስታ የተቀበልሁ ነኝ። የምጠይቀው ተጨማሪ ነገር ጥቂት ነው፦ ስሙ የተሰጠበት ሰው ምርመራው ሲያበቃ እንዲነገረው፤ እንዲሁም በየዓመቱ ስንት ስም እንደተጠየቀ፣ ስንቱ በዳኛ እንደተፈቀደና ስንቱ እንደተከለከለ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በግልጽ ሪፖርት እንዲቀርብ።