ድራኩላን ለምን ትቀብሩብናላችሁ?

በማኅበራችን የቅዳሜ ማታ የፊልም ዝግጅት ላይ የደም መጣጭና የአሳዳጁ ፊልሞች ከእንግዲህ እንዳይታዩ፣ በምትካቸውም ቁም ነገር ያለው ፊልም ብቻ እንዲቀርብ የሚል ሐሳብ ተነሥቷል። ሐሳቡን ያቀረቡት ወንድሞችና እኅቶች በቅን ልቡና እንደ ተነሡ አልጠራጠርም። ነገር ግን ቅን ልቡና ሁሉ ትክክለኛ ፍርድ አይወልድምና መልስ መስጠት ግድ ሆኗል።

ክሱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ፊልሞቹ በርካሽ የተሠሩ ናቸው፤ ሁለተኛ፣ አንዱ ሌላውን ይደግማል፤ ሦስተኛ፣ ያስቃሉ እንጂ አያስተምሩም። በየተራ እንያቸው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በርካሽ መሠራታቸው እውነት ነው። ሐመር የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በቴረንስ ፊሸር አዘጋጅነት «ድራኩላ»ን በ1958 ያወጣው በቴምዝ ወንዝ አጠገብ፣ ብሬይ በሚባል ስፍራ በነበረው ትንሽ ስቱዲዮ ሠርቶ ነው። በ1966 «ድራኩላ የጨለማው ልዑል» የተሠራበት ግንብ መልኩ ተለዋውጦ በዚያው ዓመት ለወጣው የራስፑቲን ፊልም አገልግሏል፤ የሁለቱም ዋና ተዋናይ ክሪስቶፈር ሊ ነበር። ታዲያ ይህ ነውር ነውን? የ1958ቱን ፊልም መጨረሻ አስቡ። ፒተር ኩሺንግ የተጫወተው ዶክተር ቫን ሄልሲንግ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ሮጦ ይዘልና መጋረጃውን ይገነጥላል፤ የፀሐይ ብርሃን ይገባል፤ ሁለት መቅረዝ አመሳቅሎ መስቀል በመሥራት ድራኩላን ወደ ብርሃኑ ይገፋዋል፤ ያም ዐመድ ይሆናል። የጠፋው ገንዘብ የመጋረጃ፣ የጠረጴዛና የሁለት መቅረዝ ነው። የቀረው ብልኀት ነው። ብልኀትን በዋጋው የሚመዝን ተማሪ ከነጋዴ በምን ይለያል?

ይደጋገማሉ ይባላል። ዐመድ የሆነ ሰው እንዴት ይመለሳል? የተከታዩ ፊልም ጣዕም ይኸው ጥያቄ ነው። በ1960 «የድራኩላ ሙሽሮች» ሲወጣ በርእሱ ላይ የተጻፈው ድራኩላ በፊልሙ ውስጥ አልነበረም! በ1966 አሽከሩ የእንግዳ ደም በዐመዱ ላይ አፍስሶ አስነሣው፤ ጌታውም አንዲት ቃል ሳይናገር ፊልሙን ጨርሶ በበረዶ ሥር ሰጠመ። በ1968 ደግሞ የአንድ ቄስ ደም በተሰነጠቀው በረዶ በኩል ከንፈሩ ላይ ነጥቦ ተነሣ። በዚህኛው ፊልም ወጣቱ ጀግና የእንጨቱን ሹል በደረቱ ቢተክልበትም፣ በእግዚአብሔር ስለማያምን ጸሎቱን ሊያደርስ አልቻለም፤ ድራኩላም ሹሉን ከደረቱ ነቅሎ ጣለው። ከአያቱ እግር ሥር ተቀምጦ «የላም በረት» እያለ ያደገ ሰው ይህን ደስታ ያውቀዋል። መጨረሻው የታወቀ ተረት የሚደገመው አዲስ ነገር ስላጣን አይደለም፤ ዛሬ ደግሞ በምን መንገድ እንደሚመጣ ለማየት ነው።

ሁሉም እኩል ናቸው አልልም። በ1973ቱ ፊልም የግንቡ ጌታ በለንደን የኩባንያ አለቃ ሆኖ ሲገኝ፣ በመጨረሻም በእሾህ ቁጥቋጦ ተጠላልፎ ሲሞት፣ ድርሰቱ መድከሙ ግልጽ ነው። ነገር ግን ደካማ ድርሰት በፊልም ብቻ የተገኘ ይመስል ቤተ መጻሕፍታችንን አልዘጋንም።

ሦስተኛው ክስ ሳቅ ነው። ኩሺንግን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት፤ አንድ ጊዜ እንኳ አይቀልድም። ነጭ ሽንኩርቱንና መስቀሉን ሐኪም መሣሪያውን እንደሚይዝ በጥንቃቄ ይይዛል። ሳቃችን የሚመጣው እርሱ ስለሚያሾፍ አይደለም፤ የማይሆነውን ነገር እንዲህ ከልቡ ስለሚሠራው ነው። ከዚህ ትምህርት የሚፈልግ ካለ፣ ሥራን ሳይንቁ መሥራት ትምህርት ነው። ከዚህ በላይ ፍልስፍና መፈለግ ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ሳምንቱን ሙሉ በመጽሐፍ ላይ የከረመ ሁለት መቶ ሰው በአንድ ጨለማ አዳራሽ ተቀምጦ «መስኮቱን ዝጊ!» ብሎ በአንድ ድምፅ ሲጮኽ የሚሰማው አንድነት በስብሰባዎቻችን የት ይገኛል?

ዋናው ጉዳይ ግን ከድራኩላ ይሰፋል። ጥያቄው ለሌላው ሰው ደስታ ማን ይመርጥለት የሚል ነው። ሐሳባችን ነጻ ይሁን እያልን የምንጮህ ሰዎች የባልንጀራችንን ሳቅ በኮሚቴ ፈቃድ ማድረጋችን ምን ይባላል? የተማረ ሰው መለኪያው ፊቱን ማኮሳተሩ ከሆነ፣ ከሁላችን በፊት መመረቅ የሚገባው ከሬሳ ሣጥኑ የሚነሣው ጌታ ነው።

ስለዚህ ይህን አቀርባለሁ፤ በወር ሦስት ቅዳሜ ቁም ነገረኞቹ የመረጡት ይታይ፣ አንድ ቅዳሜ የእኛ ይሁን። ይህም ካልተስማማ ጉዳዩ ለጠቅላላው አባል ቀርቦ እጅ በማውጣት ይወሰን። ከተሸነፍን እንቀበላለን፤ ያለ ድምፅ የተቀበረ ነገር ግን እንደሚነሣ ከእነዚሁ ፊልሞች ተምረናል።