ስለ ክትባትና ስለ ተሰጠ ኩላሊት

ሐረር ጀጎል ውስጥ፥ ከፈረስ መጋላ ብዙ በማትርቅ አንዲት ቡና ቤት፥ ከቀትር በኋላ የምንሰበሰብ ጥቂት ወዳጆች አለን። ጨዋታችን ብዙ ጊዜ ስለ ጫት ዋጋ፥ ስለ ውሃና ስለ ልጆች ትምህርት ነው። በቅርቡ የተነሣው ክርክር ግን ሌሊቱን እንቅልፍ ስለ ነሣኝ፥ በቃል ያልጨረስሁትን በጽሑፍ ልጨርሰው ተነሣሁ።

ከመካከላችን አንዱ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ ያቆሙበት ሰው ነው። ስሙን አልጽፍም። በሳምንት ሁለት ቀን በመኪና ደሙን እያሳጠበ ይኖራል። ታናሽ እህቱ «ከሁለቱ አንዱን ውሰድ» ብላዋለች፤ ምርመራውም ተስማምቷል። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል፤ ይህን ሰው ግን በውጭ አገር ያሉ ዘመዶቹ ወደ እነርሱ ሊወስዱት አስበዋል። ታዲያ ከዚያ አገር የክትባት ዝርዝር የያዘ ወረቀት መጣለት፤ ዝርዝሩን ሳይጨርስ ቀን አይቆረጥለትም።

ይህን ሲነግረን የወንድሙ ልጅ፥ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወጣት፥ ስኒውን አስቀምጦ ተቆጣ። «ጋሼ፥ ይኸማ ማስገደድ ነው! ኩላሊቱ የአክስቴ፥ ሰውነቱ የአጎቴ። ሐኪሙ በመካከላቸው ገብቶ እንዲህ ካላደረግህ የሚል ማን ሆኖ ነው?» አለኝ። የተቀመጡት ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁለት። ባለጉዳዩ ግን ዝም ብሎ ጠረጴዛውን ይመለከት ነበር።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ «ሰውነቴ የራሴ ነው» የሚለው ቃል ታላቅ ቃል ነው፤ እኔም አከብረዋለሁ። ብዙ ግፍ የተከለከለው በዚህ ቃል ነው። ዳሩ ግን ቃሉ የሚሠራበትን ቦታ መለየት ያሻል። የሌላ ሰው አካል በሰውነትህ ሲተከል፥ ከዚያች ቀን ጀምሮ በውስጥህ ያለው ሁሉ የአንተ ብቻ አይደለም። ሰውነትም ራሱ ይህን ያውቃል፤ ባዕድ ነው ብሎ ይዋጋዋል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1954 ዶክተር ጆሴፍ መሪ በቦስተን ከተማ የመጀመሪያውን የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲያደርግ፥ ሰጪውና ተቀባዩ ፍጹም የሚመሳሰሉ መንትዮች ስለ ነበሩ ሰውነት አልተዋጋም። ከአንድ ዕንቁላል ያልተወለድን እኛ ግን የመከላከያ ኃይላችንን የሚያዳክም መድኃኒት፥ የተተከለው ኩላሊት እስካለ ድረስ መዋጥ አለብን።

እንግዲህ የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። ለሐረር ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። አሚር ኑር ከተማችንን በግንብ ያጠረው ከጠላት ሊጠብቃት ነው። ኩላሊት የሚቀበል ሰው ግን በገዛ ፈቃዱ ግንቡን ዝቅ ያደርጋል፤ አለዚያ እንግዳው አካል አይኖርለትም። ዘበኞቹን ጠላትን እንዲለዩ ማስተማር የሚቻለው ግንቡ ከመውረዱ በፊት ነው። በኋላ ቢከተብ አንዳንዱ ክትባት ጨርሶ አይፈቀድለትም፤ የኩፍኝ፥ የጉድፍና የቢጫ ወባ ክትባቶች የተዳከመ ሕያው ተሕዋስ ስላለባቸው፥ ቢያንስ ከቀዶ ጥገናው አራት ሳምንት በፊት መሰጠት አለባቸው። የቀረውም ቢሰጠው ኃይሉ ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ 658 ንቅለ ተከላ ያደረጉ ሰዎች ለኮቪድ ሁለት ጊዜ ከተከተቡ በኋላ ደማቸው ቢመረመር፥ መከላከያ የተገኘባቸው 54 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ወጣቱ ይህን ስነግረው፥ «ቢሞትስ የሚሞተው እርሱ አይደለም ወይ?» አለኝ። እርሱ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1969 እና በ1970 በስኮትላንድ፥ በኤዲንብራ ከተማ ኩላሊት በሚታጠብበት ክፍል ሄፓታይተስ ቢ፥ ሕዝቡ በደፈናው የወፍ በሽታ የሚለው የጉበት ሕመም ገብቶ፥ በሽተኞችንም የሐኪም ቤቱን ሠራተኞችም ገደለ። በዚያን ጊዜ ክትባቱ ገና አልተሠራም ነበር። በደም በሚተላለፍ በሽታ ላይ፥ ከአንዱ በኋላ ሌላው በሚተኛበት አልጋ፥ የአንዱ እንቢታ የጎረቤቱ ሞት ሊሆን ይችላል። ጎረቤቱ ደግሞ አልተጠየቀም።

ከዚህም በላይ እህቲቱ አለች። በዚያ ቀን ክርክር ስለ እርሷ የተናገረ ሰው አለመኖሩ እስካሁን ያናድደኛል። ስለ ሐኪሙ ሥልጣን፥ ስለ ውጭ አገር ሰዎች ትዕቢት፥ ስለ ሰው መብት ተናገርን። ጤነኛ ሆና ሳለች ጎኗን የምትቀደደው፥ ቀሪ ዕድሜዋን በአንድ ኩላሊት የምትኖረው ሴት ግን በመካከላችን ያልተወለደች ያህል ተረሳች። በባሕር ማዶ አገሮች ብዙ ጊዜ አካሉ የሚገኘው ከማይታወቅ ሟች ነው፤ ተራ የሚጠብቀውም ብዙ ሰው ነው፤ ስለዚህ ክርክሩ ለማን ይድረስ የሚል ይሆናል። በእኛ ዘንድ ግን ኩላሊቱ ስም ተጠርቶበት ከዘመድ እጅ ይመጣል፤ ሌላ ተረኛ አይነጠቅም። ለዚህም ነው ግዴታው ይበልጥ የሚከብደው እንጂ የሚቀልለው አይደለም የምለው። እህትህ የምትሰጠው አንድ ብቻ አላት፤ ያንን ሰጥታህ፥ አንተ ሦስት መርፌ ከበደኝ ትላለህን?

ይህን ስል ባለጉዳዩ ቀና ብሎ አየኝና፥ ቀስ ብሎ «እኔ መቼ ከበደኝ አልሁ?» አለ። «አጣሁት እንጂ።»

ከዚያ በኋላ የተናገረውን ስሰማ አፈርሁ። ወረቀቱን ይዞ አንዱ ጤና ድርጅት ሲሄድ ወደ ሌላው ሰደዱት፤ ሌላውም «ይህ የሕፃናት ነው፤ ለትልቅ ሰው የለንም» አለው፤ ሦስተኛው የሚያውቀው ሰው ፈቃድ ወጥቷልና በሚቀጥለው ሳምንት ና አለው። ሦስት ወር አለፈ። እነዚህን ቤቶች በስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የአንዱ ብቻ ስላልሆነ ነው። አስቡት እንጂ፤ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በአገራችን ከሕፃናት ክትባት ጋር የተጨመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለድን ሁሉ በሕፃንነታችን አላገኘነውም። ስለዚህ ወረቀቱ ከዚህ ሰው የጠየቀው፥ መንግሥትም ሐኪምም ከቶ ያልሰጡትን ነገር ነው። ሦስቱን መርፌ በተለመደው አሠራር ለመጨረስ ደግሞ ስድስት ወር ይፈጃል፤ ስድስት ወር ለእኔ ግማሽ ዓመት ብቻ ነው፤ በመኪና ለሚታጠብ ሰው ግን ሃምሳ ጊዜ መርፌ መወጋት ነው።

እዚህ ላይ የወንድሙ ልጅ ትክክል ነበር። በክትባቱ ተሳሳተ፥ በወረቀቱ ግን ልክ ነበር። መርፌውን ሳይሰጥ ትእዛዙን ብቻ የሚጽፍ ሐኪም ግዴታን አላዘዘም፤ በር ዘግቶ ቁልፉን ገበያ ውስጥ ፈልግ ብሏል። «አልተከተበም» ተብሎ በመዝገብ የሚጻፈው ያልፈለገውም ያላገኘውም እኩል ነው። እንግዲህ ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉ ሰዎች፥ ቅጠሉን ይዘው ይምጡ እላለሁ። ክትባቱን የሚጠይቅ ሁሉ በራሱ ማቀዝቀዣ ያኑረው፤ ዋጋውንም ከቀዶ ጥገናው ወጪ ጋር ይቍጠረው፤ ኩላሊቱ መድከም በጀመረበት በመጀመሪያው ቀን እንጂ በመጨረሻው ሰዓት አይንገረው።

ሌላም የምቃወመው አለ፤ ይህ ደግሞ ግዴታውን ከሚደግፉት ከራሴ ወገኖች ነው። በካናዳ፥ በአልበርታ ክፍለ አገር፥ አንዲት በጽኑ የታመመች ሴት የኮቪድ ክትባት አልወስድም በማለቷ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ንቅለ ተከላው ተከለከለች። የሕፃንነት ክትባቶቿን በሙሉ እንደ አዲስ ለመውሰድ ተስማምታ ነበር፤ ያችን አንዷን ግን አልቀበልም አለች። ፍርድ ቤቶች ለሐኪሞቹ ፈረዱ፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤትም በ2023 ይግባኟን ሳይሰማ ቀረ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ሞተች። ሐኪሞቹ ምክንያት አልነበራቸውም አልልም። ክትባቱ ከመምጣቱ በፊት፥ በ2020፥ ንቅለ ተከላ አድርገው በኮቪድ ሆስፒታል ከገቡት በአሜሪካ በተቈጠሩት ዘንድ ከአምስቱ አንዱ ያህል በ28 ቀን ውስጥ ሞቷል። እኔን ያሳዘነኝ በሞቷ ጊዜ «የእጇን አገኘች» የሚል ሰው መሰማቱ ነው። ይህ የሐኪምነት ቃል አይደለም። ሐኪም ይህ ሕክምና ይህን ሰው ይጠቅማልን ብሎ ይጠይቃል እንጂ፥ ይህ ሰው ይገባዋልን ብሎ አይጠይቅም። ሁለተኛውን ጥያቄ ከጀመርን የሰካራሙን ጉበትና የአጫሹን ሳንባ ማን ያክመዋል?

ፍርሃት ወንጀል አለመሆኑን የምስራቅ ሰዎች ከማንም በላይ ልናውቅ ይገባናል። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በኦጋዴን በረሃ፥ ዲሞ በምትባል መንደር ነው። በዓለም በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው የመጨረሻው ሰው ደግሞ በጥቅምት 1970 ዓ.ም. በጎረቤታችን በሶማሊያ፥ በመርካ ከተማ የሐኪም ቤት ወጥ ቤት ሠራተኛ የነበረው አሊ ማዎ ማሊን ነበር። በሐኪም ቤት እየሠራ ሳይከተብ የቀረው መርፌው ያመኛል ብሎ ፈርቶ ነው። ታመመ፤ ማንም አላባረረውም፤ አስታመሙት፥ ዳነ። እርሱም ኋላ እናቶች ልጆቻቸውን ለፖሊዮ እንዲያስከትቡ እየዞረ፥ የራሱን ፍርሃት ሳይደብቅ ሲያስረዳ ኖሮ በ2013 እ.ኤ.አ. አረፈ። እንቢ ያለውን በር ከመዝጋት፥ አጠገቡ ተቀምጦ ማስረዳት የበለጠ ሰው ያተርፋል።

ስለዚህ ለወጣቱ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው። በደም ለሚተላለፈው፥ ለጎረቤቱም ለሚተርፈው በሽታ ክትባቱ ግዴታ ይሁን፤ አልሸሽም። ጥቅሙ ትንሽ ለሆነው፥ ጊዜውም ላለፈበት ክትባት ግን የሰው ሕይወት መያዣ ሆኖ አይቅረብ።

መልሴ አላስደሰተውም። በማግስቱ ግን ሳልጠይቀው ድሬዳዋ ወርዶ ከመድኃኒት ቤት ክትባቱን ገዛ። እንዳይሞቅ በፔርሙስ ውስጥ በበረዶ ከቦ፥ አውቶቡሱ ሽቅብ ወደ ሐረር ሲወጣ በጉልበቱ ላይ አቅፎ አመጣው። በሸዋ በር ሲያገኘኝ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠኝ፥ «ጋሼ፥ በረዶው ክትባቱን ነክቶት ቢሆንስ ይበላሻል ይሉኛል፤ እውነት ነው?» ብሎ ክዳኑን ከፈተው። ሁለታችንም አጎንብሰን ተመለከትን። ብልቃጧ በጨርቅ ተጠቅልላ ከበረዶው ራቅ ብላ ተቀምጣ ነበር።