የሰጠነውን የሚረሳ ኮድ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ከፖለቲካው ወጣ ብለን ስለ ኮድ እናውራ። ኮድ የማይጽፈውንም ይመለከታል፤ ክፍያችንና ቀጠሯችን የሚያልፈው በኮድ ውስጥ ነውና።

አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ስልካችሁን ለጥበቃው ሰጣችሁ እንበል። ስትወጡ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አስይዟችሁ «የእናንተው ነው፣ ቤት ስትደርሱ ፍቱት» ቢላችሁ ትስማማላችሁ?

የጃቫ ፕሮግራመሮች እስከ 2004 እ.ኤ.አ. ድረስ እንዲህ ነበር የሚሠሩት። ዝርዝር ውስጥ ደረሰኝ ያስገባሉ፤ ሲያወጡት ግን ኮምፓይለሩ የሚያውቀው «ኦብጀክት»፣ ማለትም «የሆነ ነገር» መሆኑን ብቻ ነው። ስለዚህ ፕሮግራመሩ «ይሄ ደረሰኝ ነው፣ እመኑኝ» ብሎ ይጽፋል። ካስት ይሉታል። ልክ ከሆነ እሰየው፤ ከተሳሳተ ግን ፕሮግራሙ የሚወድቀው ተጠቃሚው እጅ ላይ ነው። በዚያ ዓመት ጃቫ 5 ጀነሪክስን ይዞ መጣ፤ ደረሰኝ ያስገባ ደረሰኝ እንደሚያወጣ ኮምፓይለሩ ራሱ ማረጋገጥ ጀመረ።

የድሮው ልማድ ግን አልሞተም። ማንኛውንም ክፍያ ተቀብሎ፣ መዝግቦ የሚመልስ ፋንክሽን አስቡ። የባንክ ዝውውር ሰጥተነው «ክፍያ» ብቻ ብሎ ከመለሰው፣ የዝውውሩን ዝርዝር ለማየት ወደ ካስት ልንመለስ ነው። የታወቀ ነገር ለምን ይረሳል? «ከክፍያ ዓይነቶች የትኛውንም ስጡኝ፣ ያንኑ ዓይነት እመልሳለሁ» ብሎ መጻፍ በጃቫም በኮትሊንም ይቻላል፤ የአንድ መስመር ጉዳይ ነው።

ተቃራኒው ደግሞ ይብሳል። ስለ ዓይነቱ ምንም ሳይቀበል «የፈለጋችሁትን ዓይነት እመልሳለሁ» የሚል ፋንክሽን አለ። ጃቫ የጀነሪኩን ዓይነት ኮምፓይል ሲያደርግ ስለሚያጠፋው፣ ፋንክሽኑ ውስጥ ቃሉን የሚያጣራ የለም። ላም አለኝ በሰማይ ነው። ኮምፓይለሩ ያስጠነቅቃል፤ የቸኮለ ፕሮግራመር ግን ማስጠንቀቂያውን ያፍነዋል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ይፋ ከሆነ ወዲህ ስንት ሰው ሠለጠነ የሚለው ቁጥር ይወራል። ጥሩ ነው። እኔ ግን ለአሠልጣኞች አንድ ነገር ልበል፦ የኮድ መለኪያ «ሠራ ወይ?» ብቻ አይሁን። «የተቀበለውን ያስታውሳል ወይ? ከሚያውቀው በላይ ቃል ገብቷል ወይ?» ተብሎም ይጠየቅ። ኮምፓይለሩ የያዘው ስህተት ፕሮግራመሩን ደቂቃዎች ያስወጣዋል። ያመለጠው ስህተት ግን ዋጋው የሚከፈለው ወረፋ ላይ በቆመ ሰው ነው።