ከስፖርት ዓለም፦ ከቀበቶ በታች

ቦክስ በቡጢ የሚደረግ ግጥሚያ ነው። ፊትን፣ ደረትን፣ ሆድንም መምታት ይፈቀዳል። ከቀበቶ በታች መምታት ግን ክልክል ነው። ብሽሽት ላይ ያረፈ ቡጢ ምን እንደሚያደርግ ወንድ ሁሉ ያውቀዋል!

እኔ ቦክስ ወዳጅ ነኝ። ብዙ ግጥሚያ አይቻለሁ። የነሐሴ 7 ቀን 2003 ዓ.ም. ግጥሚያ ያህል ያናደደኝ ግን የለም። ቦታው አሜሪካ አገር፣ ላስ ቬጋስ ከተማ ነበር። የዓለም ሻምፒዮን የነበረው የጋናው ጆሴፍ አግቤኮ ነው። ማዕረጉን ሊነጥቀው የመጣው የሜክሲኮው አብነር ማሬስ ነው።

ማሬስ ጎበዝ ነው፤ አልክድም። ግን ቡጢው ደጋግሞ ወደ ታች ይወርድ ነበር። ዳኛው ያስጠነቅቃል። ደግሞም ያስጠነቅቃል። አንድ ነጥብ እንኳ አልቀነሰም። ታዲያ ቅጣት የሌለው ማስጠንቀቂያ ማንን ያስፈራል?

በ11ኛው ዙር አግቤኮ በግልጽ ከቀበቶ በታች ተመታና ወደቀ። ዳኛው ማሬስን በመቅጣት ፈንታ በወደቀው ላይ መቁጠር ጀመረ! በደንቡ፣ ተቆጥሮበት የተነሣ ሰው ነጥብ ያጣል። አግቤኮ ሁለት ጊዜ ተጎዳ፤ በቡጢውም በቆጠራውም። ከመቀመጫዬ ተነሥቼ «ኧረ ዳኛ!» ብዬ ጮህኩ። ማን ሊሰማኝ!

ነጥብ ሰጪዎቹ ሦስት ነበሩ። ሁለቱ 115 ለ111 ለማሬስ ሰጡ። አንዱ 113 ለ113፣ እኩል ናቸው አለ። ማዕረጉ ለማሬስ ሆነ።

የአግቤኮ ወገን አቤት አለ። ማዕረጉን የሚሰጠው ድርጅትም ድጋሚ ይጋጠሙ ብሎ ወሰነ። ኅዳር 23 ቀን 2004 ዓ.ም. በሌላ ዳኛ ተጋጠሙ። ሦስቱም ነጥብ ሰጪዎች 118 ለ110 ለማሬስ ሰጡ።

ያን ቀን አልጮህኩም። ለካ ሰውየው በደንቡም ማሸነፍ ይችል ኖሯል።