አጥርና ዘበኛ ብቻቸውን አይበቁም

በአያት የጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚኖር ሁሉ የግቢ በር ጥበቃን ያውቃል። ዘበኛው እንግዳውን አስቁሞ ወዴት እንደሚሄድ ይጠይቃል፤ በሩን አንዴ ካለፈ በኋላ ግን በየትኛው ብሎክ ደረጃ እንደሚወጣ የሚከታተለው የለም። የመሥሪያ ቤቶች የኮምፒውተር መረብም ለረጅም ጊዜ ሲጠበቅ የኖረው በዚሁ ዘዴ ነው። በውጭ ያለው ባዕድ፣ በውስጥ ያለው ወዳጅ ነው በሚል እምነት የታነጸ ጥበቃ ጊዜው ያለፈበት መሆኑ አሌ አይባልም።

ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። በ2004 ዓ.ም. በዚችው በአዲስ አበባ ከተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ኮምፒውተሮች መረጃ በየሌሊቱ ወደ ሻንሃይ ሲተላለፍ እንደነበር የፈረንሳዩ ጋዜጣ ለሞንድ በጥር ወር 2010 ዓ.ም. ጽፏል። ቻይና አስተባብላለች። ክሱ እውነት ሆነም አልሆነ፣ በአጥሩ ውስጥ የሚሠራውን ማን ይመረምራል የሚለው ጥያቄ ግን በማስተባበያ አይዘጋም።

አሜሪካዊው ጆን ኪንደርቫግ እ.ኤ.አ. በ2010 «ዜሮ ትረስት» የሚል ስም የሰጠው አሠራር ለዚህ ጥያቄ የቀረበ መልስ ነው። ፍሬ ነገሩ ሰውን በክፉ ዓይን ማየት አይደለም። ጠያቂው ማን ነው፣ በምን መሣሪያ ይጠይቃል፣ ለዚህስ ሥራ መብት አለውን የሚለው በየጊዜው እንዲጣራ፣ የሚሰጠውም ፈቃድ ሥራው ከሚጠይቀው ልክ እንዳያልፍ ማድረግ ነው።

ማንነትን ማወቅ ብቻውን የማይበቃ መሆኑን መጋቢት 2016 ዓ.ም. በሚገባ አስተምሮናል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በአንድ ሌሊት በሒሳባቸው ያልነበረ ገንዘብ አወጡ፤ ባንኩ መጠኑን ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ አድርሶታል። የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በሲስተም ማሻሻያ የተፈጠረ ችግር ነውም ብሏል። ልብ ይሏል፤ አውጪዎቹ የገቡት በገዛ ካርዳቸውና በገዛ ምስጢር ቁጥራቸው ነው። ማንነታቸው ታውቋል፤ የጠየቁት ይገባቸው እንደሆነ ግን በዚያች ሌሊት አልተጣራም። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመው የፋይዳ መታወቂያም ባለቤቱ ማን እንደሆነ ይመሰክራል እንጂ ምን እንደተፈቀደለት አይናገርም። ይህን መወሰን የየመሥሪያ ቤቱ ግዴታ ነው።

ጉዳዩ ከማንም በላይ ሠራተኛውን ይመለከታል። አምስት ሰዎች በአንድ የይለፍ ቃል በሚሠሩበት ቢሮ ገንዘብ ቢጎድል እጁን ያስገባው ማን እንደሆነ አይለይም፤ ጥፋቱም እንደተለመደው በዝቅተኛው ሠራተኛ ጫንቃ ላይ ይጫናል። ለየሰው የተለየ መግቢያና የማይፋቅ መዝገብ መኖሩ የንጹሑ ጋሻ ነው። «እኔን ማን ይጠይቀኛል» የሚል ሥራ አስኪያጅም ከማጣራቱ ነፃ ሊሆን አይገባውም፤ ሰፊ ቁልፍ የያዘ እጅ ሰፊ ጉዳት ያደርሳልና። ይሁንና ቁጥጥሩ በሠራተኛው ኑሮ ላይ ወደ መሰለል እንዳይለወጥ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አብሮ ሊከበር ይገባል።

የነዋሪዎች ማኅበራትም የአባላትን መዋጮ በስልክ የሚያንቀሳቅሱ ከሆነ ነገሩ ከደጃቸው ደርሷል። ሊቀመንበሩ፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ የየራሳቸው መግቢያ ይኑራቸው፤ ወጪ ያለ ሁለት ሰዎች ፈቃድ አይውጣ፤ ከኮሚቴ የተነሣ ሰው መግቢያም በዚያው ዕለት ይዘጋ።