ሰባራው ወንበርና ሰባራው ድልድይ

በጄኔቫ ከተማ፣ ከተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት፣ አንድ እግሩ የተሰበረ ባለ 12 ሜትር የእንጨት ወንበር ቆሟል። የስዊሱ ቀራፂ ዳንኤል ቤርሴ እ.ኤ.አ. በ1997 የሠራው ይህ ሐውልት በተቀበረ ፈንጂ እግራቸውን ያጡ ሰዎችን አቤቱታ በየዕለቱ በዲፕሎማቶች ፊት ያቀርባል። ፀረ ሰው ፈንጂን የሚያግደው የኦታዋ ስምምነት በዚያው ዓመት ተፈረመ፤ አገራችንም በ2004 አጸደቀችው። አሜሪካ፣ ሩሲያና ቻይና ግን ዛሬም ከስምምነቱ ውጭ ናቸው። ኪነ ጥበብ ኅሊናን ቢቀሰቅስም ብቻውን የኃያላንን እጅ እንደማያስር ከዚህ እንረዳለን።

ታዲያ ምስል የጦርነትን ቁስል እስከ ማስጠገን የሚደርሰው መቼ ነው? ለዚህ ከሞጣ ወደ ዓባይ ሸለቆ ወርዶ ሰባራ ድልድይን መመልከት ይበቃል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎጃምንና በጌምድርን ያገናኘው የድንጋይ ድልድይ፣ ብቸና የበላይ ዘለቀ የአርበኝነት ምድር በነበረችበት በፋሺስት ወረራ ዘመን፣ የጠላትን መተላለፊያ ለመዝጋት ተሰበረ። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ተባረረ፤ ገበሬው ግን ስድሳ ዓመት ያህል ክፍተቱን በገመድ ተሻገረ።

እ.ኤ.አ. በ2000 ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ይህን የገመድ ጉዞ የሚያሳይ ፎቶግራፍ አወጣ። ምስሉን የተመለከተው አሜሪካዊ ኬን ፍራንዝ በ2001 የድልድይ ሠሪዎች ድርጅት አቋቋመ፤ በ2002 ክፍተቱ ተጠገነ። ጥገናውን ጎርፍ ሲወስደው በ2009 ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ።

ፎቶግራፉ ይህን ውጤት ያስገኘው ሕዝቡን ለልመና እጁን ዘርግቶ ስላላሳየ ነው። ሰዎቹ በሁለት ወገን ቆመው ገመድ ይጎትታሉ፤ የጎደለውም በመካከላቸው በግልጽ ይታያል። ይሁን እንጂ ገበሬው ስድሳ ዓመት የኖረበት ችግር የተሰማው የባሕር ማዶ መጽሔት ሲመሰክርለት መሆኑ፣ በዓለም ላይ የማየትና የመታየት ሥልጣን ምን ያህል በእኩልነት እንዳልተከፋፈለ ያጋልጣል። እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2000 በተካሄደው የድንበር ጦርነት በትግራይና በአፋር መሬት ፈንጂ የተቀበረበት እረኛና ገበሬም ካሜራ እስኪመጣለት መጠበቅ የለበትም።

ስለዚህ በቀበሌ አዳራሽም ሆነ በፋብሪካ ስለ ጦርነት የሚቀርብ ሥዕልና ፎቶግራፍ ሁሉ በሦስት ጥያቄዎች ይመዘን እንላለን፦ ጉዳቱን ያደረሰው ማን ነው? ተጎጂው ምን እየሠራ ነው? ለመጠገን ምን ያስፈልጋል? የብቸናና የሞጣ ወጣቶችም ካሜራውንና ብሩሹን ራሳቸው ጨብጠው ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ይስጡ።